ጉዱ ከግቢ አልወጣም አለ

ይድረስ ለእህት ዓለሜ፣

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? አዲሱ ቤትሽስ ተመቸሽ? እኛ ደህና ነን፤ እኔ ብቻ ሰው ፊት መቆም አፍሬያለሁ። ለማንም እንዳትነግሪ! ትናንት ጠዋት መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ፣ ወላጅ ጢም ባለበት፣ ድንክ ፈረሳችን ሻሼን በጥርሱ ሞሽልቆ ወሰደው። ፀጉሬ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ቆሞ! አስተማሪዋ ሳቋን በሳል ሸፈነች። ልጅሽ ሚጣማ ጋሪው ላይ ቁጭ ብላ «አክስቴ፣ ቆንጆ ነሽ ሊልሽ ፈልጎ እኮ ነው» አለችኝ።

ያው ጉዱ ነዋ፣ ባለቤቴ ለወተት ጋሪው የገዛው። ስሙን ያወጣችለት ሚጣ ናት። የግቢውን መቀርቀሪያ በከንፈሩ ይከፍታል፤ የልብስ ሰፊውን ሜትር አኝኮ አሳጥሮበታል። ኮቴውን ብረት የሚመታለት ሰውዬ ሚጣ ካልመጣች መዶሻ አላነሳም ብሏል። እሷ ጆሮውን ይዛ «አንተ ባለጌ፣ እግርህን ስጥ!» ስትለው ይሰጣል።

ጠዋት ጠዋት ወተት ስናድል በዚያው ትምህርት ቤት እናደርሳታለን። አንድ ቀን አተኩሷት ቤት ብትውል ጉዱ ከግቢ አልወጣም አለ። ባለቤቴ ለመነው፣ ተቆጣው፣ ካሮት ሰጠው። ካሮቱን በልቶ እዚያው ቆመ። ሚጣ በመስኮት «ሂድ፣ ነገ እመጣለሁ» ስትለው ነው የተንቀሳቀሰው።

እንግዲህ ቅዳሜ መጥቼ እወስዳታለሁ ያልሽበት ደብዳቤ ከደረሰኝ አሥራ አንድ ቀኑ። ለልጅቷ አልነገርኳትም። ባለቤቴ «ምን ትጠብቂያለሽ?» ሲለኝ «የማስበው ለፈረሱ ነው» አልኩት። ፎቶሽን ሳትስም እንደማትተኛ ግን እወቂልኝ፤ እኔ ጋ በኖረችባቸው ሦስት ዓመታት እናቷን አላስረሳኋትም። ልብሶቿን አጥቤ ተኩሻለሁ። የጠበቧትን ሁለት ቀሚሶች አስቀርቻለሁ፣ ጉዱ ሲናፍቅ እንዲያሸታቸው። ቁምሳጥኔ ውስጥ ናቸው።

እስቲ አንድ ወር ብቻ ትቆይ፣ ፈረሱ እስኪለምድ። ምግብ እምቢ እንዳይል ፈርቼ

እህቴ፣ እዚህ ላይ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ነበር። ከመስኮቱ ሥር የሚጣ ድምፅ ተሰማኝ። ጉዱን አንገቱን አቅፋ ትመክረዋለች። «ቅዳሜ እማዬ ጋ ልሄድ ነው። አጎቴ ነግሮኛል። አንተ እንዳትረብሽ፣ እሺ? አክስቴ ሌላ ልጅ የላትም» አለችው። እሱ ኪሷን ይፈትሻል።

ያልኩሽን የአንድ ወር ነገር ተይው። ቅዳሜ ነይ፤ ምሳ ሠርቼ እጠብቅሻለሁ። መንገድሽን ያቅናልሽ፣ በሰላም ያገናኘን፤ ቤትሽም በልጅሽ ሳቅ ይሙላ። ሰኞ ጠዋት ጋሪው ከግቢ ይውጣ አይውጣ፣ የሆነውን ሳልደብቅ እጽፍልሻለሁ።

ታናሽሽ፣ የሚጣ አክስት