ኳሱ በግራ ብብቴ

ማክሰኞ

ካፒቴን አደረጉኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እልል ይል ነበር፤ እኔ ከጃን ሜዳ እስከ አትክልት ተራ እንዴት እንደማመልጥ እያሰብኩ ነው የመጣሁት።

የፋብሪካችን ካድሬ ራሱ ልምምድ ላይ መጥቶ ነገረን። ስሙን እዚህ አልጽፍም። ቅዳሜ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሴቶች ጋር በእግር ኳስ እንጋጠማለን። «በረኛዋ ትሁን፤ ረጅም ናት፣ ድምፅዋም ሩቅ ይሰማል» አለ። ካፒቴን የሆነች ደግሞ ከጨዋታው በፊት መሐል ሜዳ ቆማ፣ ግራ እጇን አንሥታ መፈክር ታስጮኻለች።

እኛ ቤት ይህ አይደረግም። ጴንጤዎች ነን። አባዬ አስተማሪ ነበር። በትምህርት ቤቱ ስብሰባ ላይ እጁን ስላላነሣ ስምንት ወር ታሰረ፣ ሥራውንም አጣ። አሁን ፒያሳ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሰው ማመልከቻ ይጽፋል።

እኔ እስካሁን ያመለጥኩት በኳሱ ነው። መፈክር ሲጀመር በግራ ብብቴ እሸጉጠዋለሁ። ኳስ የያዘ እጅ አይነሣም፤ ከኋላ ቆሜ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አላየኝም። ካፒቴን ግን ከፊት ነው የምትቆመው፣ እጇም ባዶ መሆን አለበት።

ረቡዕ

ሁለት ቀላል ኳስ ሾለከኝ። አሰልጣኛችን ጋሽ ወርቁ «ምነው ዛሬ፣ እጅሽን ቅቤ ቀብተሽ መጣሽ?» አሉኝ። ስቄ ኳሱን መለስኩላቸው።

ታምሜአለሁ ብልስ? ፋብሪካው ሹራብ መሥሪያው ክፍል ያስቀመጠኝ ለኳሴ ብሎ ነው፤ ካልተጫወትኩ ምን ያደርግልኛል። ግራ እጄን በሻሽ ልጠቅልለው? በአንድ እጅ በረኛ የለም። ለጋሽ ወርቁ ልንገራቸው? ደግ ናቸው፤ ደግ ሰውም ሲጠየቅ ይናገራል። እንግዲህ የቀረው ማንሣትና መጮህ ነው።

እራት አልበላሁም። ይህን የምጽፍበትን ደብተር ከጤፍ በርሜሉ ሥር መልሼ ደብቄዋለሁ።

ሐሙስ

ለአባዬና ለእማዬ ነገርኳቸው። እማዬ አለቀሰች። «አንድ አስረውብኝ አይተሻል፤ ይበቃኛል። ልብሽን እግዜር ያያል፣ አንሥተሽ ገላገይን» አለች።

አባዬ ሽሮውን ጨርሶ እጁን ታጠበ። ከዚያ፣ «እኔ የወሰንኩት ለራሴ ነው። ያንቺን አንቺ ታውቂያለሽ። ብታነሺም ልጄ ነሽ» አለኝ።

«ብታነሺም» ማለቱ ይበልጥ አስፈራኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ

ወሰንኩ። አነሣለሁ። ለእማዬ ስል፣ ለኳስ ስል፤ እውነቱን ለመናገር ለራሴ ስል። ለአባዬ ስንቅ ስናመላልስ ያየሁት የዘቦቹ ፊት እስከ ዛሬ ሕልሜ ላይ ይመጣል።

በሩን ዘግቼ መስታወት ፊት ተለማመድኩ። እጄ ተነሣ። ድምፄን ግን አልሞከርኩትም፤ የጴንጤ ልጅ ብቻዋን መፈክር ስትጮኽ ጎረቤት ቢሰማ አበደች ይላል።

ቅዳሜ

ልብሴን ሳልቀይር ነው የምጽፈው።

ተሰለፍን። የነሱ ካፒቴን አስጮኸች። ተራዬ ደረሰ። ላነሣ ነበር፤ እግዜር ያውቃል፣ ላነሣ ነበር። እጄ እንቢ አለ። ከትከሻዬ እስከ ጣቴ ደነዘዘ፣ ምላሴም ተሳሰረ። እምነት አይደለም፣ ጀግንነትም አይደለም። ፍርሃት ነው።

ካድሬው ከወንበሩ ተነሣ። ይሄኔ ተከላካያችን ጽጌ፣ የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ልጅ፣ «ካፒቴናችን ድምፅዋ ተዘግቷል!» ብላ ዘላ ከፊቴ ቆመችና ራሷ አስጮኸች። ቡድኑም ተከተላት።

አንድ ለዜሮ አሸነፍን። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ፍጹም ቅጣት ምት አዳንኩ፤ ያውም በዚያው በደነዘዘው በግራ እጄ። ልጆቹ ተከመሩብኝ። ስንወጣ ካድሬው «ሰኞ ሦስት ሰዓት ቢሮዬ» አለኝ። እንኳን ደስ አለሽ አላለም።

እሑድ

ለጸሎት የተሰበሰብነው እትዬ ብርሃኔ ቤት ነበር። እንደ ወትሮው አንድ በአንድ ገባን፣ በሹክሹክታ ዘመርን። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። እትዬ ብርሃኔ ግራ እጄን ይዘው ሳሙት። «የተባረከች እጅ» አሉ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባዬ ዓይኑ እንባ አቅርሮ አየኝ። ፈርቼ ነው ሳልለው ቀድሜው ወጣሁ።

ሰኞ

ሁለት ካልሲና ሁለት ሹራብ ደርቤ ሄድኩ። እስር ቤት መጀመሪያ የሚያጠቃው ብርድ ነው ይላል አባዬ። እስከ ፋብሪካው በር ሸኝቶኝ እዚያው ቆመ።

«ድምፅሽ ተዘጋ እንበል» አለ ካድሬው። «እጅሽስ?»

ያሰብኩት ውሸት ሁሉ ጠፋኝ። «ፈራሁ» አልኩት።

«ምን?»

«እርስዎን።»

አየኝ፣ አየኝ፣ ከዚያ ከት ብሎ ሳቀ። ደስ ሳይለው አልቀረም። ካፒቴንነቱን ለጽጌ ሰጠ። «ሂጂ ወደ ሥራሽ። ዓይኔ ግን ካንቺ ላይ አይነሣም» አለኝ።

በሩ ላይ ለአባዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ እንቢ እንዳላልኩ፣ ፍርሃት ብቻ እንደነበረ። አንገቱን ደፋ።

«እኔስ ምን መስዬሽ ነው?» አለ። «ያን የስብሰባውን ቀን ሱሪዬ ረጥቦ ነበር እኮ።»

ማክሰኞ

ልምምድ። ካድሬው እጁን አጣምሮ ከሜዳው ዳር ቆሟል። ከልምምድ በፊትም መፈክር አለ። ጽጌ ከፊት ወጣች፣ እኔ ወደ ኋላ ሄድኩ። ኳሶቹ በሙሉ መረቡ ውስጥ ታስረው ከሩቅ ተቀምጠዋል። ባዶ እጄን ከኋላዬ ደበቅኩ።

ጋሽ ወርቁ ወደ እኔ ሳያዩ መረቡን ፈትተው አንድ ኳስ ወረወሩልኝ። «ያዢ» አሉ። ከዚያ ፊሽካቸውን አፋቸው ሊያስገቡ ሲሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «በግራሽ።»

ያዝኩት። ማንም አላየኝም ብዬ ነበር የጻፍኩት። ለካ ጋሽ ወርቁ ሁለት ዓመት ሙሉ መፈክር ሊጀመር ሲል ኳሱን የሚያቀብሉኝ ሆን ብለው ነበር።

ካድሬው አይቶን እንደሆነ አላውቅም።