መብረቅን የሚመራው ብርሃን

ሰኞ
አያ ደሴን ቀበርነው። የአክስቴ የጥሩ ባል ነው፤ ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ሜዳ ላይ መብረቅ ገደለው። እኔ ትምህርቴን ጥዬ ከሰቆጣ ወደ መንደራችን ደሃና መጣሁ። ሽማግሌዎቹ ግን ቀድመውኝ ጥፋተኛ አግኝተዋል፦ አክስቴን። ቅዳሜ፣ በሚካኤል ዕለት፣ ጓሮዋን ስትኮተኩት ታይታለች፤ መብረቁን ያመጣው የእሷ ኃጢአት ነው አሉ። ስለዚህ በሬ የሚያቀናጃት አይኖርም። ያላት አንድ በሬ ነው፤ ሁለተኛ ካልተገኘ ገብሱ አይዘራም። ክረምቱ ደግሞ አይጠብቃትም።

ማክሰኞ
ዝም ማለት አቃተኝ። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ የሽማግሌዎቹ አለቃ አባ ገብሬ (ጢማቸው ከሐሳባቸው ይረዝማል) ፊት ቆሜ የፊዚክስ መምህራችን ያስተማረንን አወራሁ። እጅግ ብርቱ የሌዘር ብርሃን በአየር ሲያልፍ አየሩ ራሱ እንደ ማጉያ መነጽር ይሰበስበዋል። ሲጠብ ይበረታል፤ ሲበረታ ከአየሩ ኤሌክትሮን ይነቅላል። የተነቀሉት ደግሞ ብርሃኑ እያንቀጠቀጣቸው መልሰው ይበትኑታል። አንዱ ሲሰበስብ አንዱ ሲበትን፣ ብርሃኑ እንደ ፈትል ቀጥኖ ሩቅ ይሄዳል።
«ኤሌክትሮን የማን ልጅ ነው?» አሉ አባ ገብሬ። ለቅሶ ቤት ተሳቀ።
«የማንም አይደለም፣ አባ። መብረቅ ኤሌክትሮኖቹ በተነቀሉበት መንገድ ይወርዳል፤ ውጭ አገር ሳይንቲስቶች በሌዘር መርተውታል። ኃጢአት አይመርጥም።»
ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። አሸነፍኩ!

ረቡዕ
አላሸነፍኩም። አባ ገብሬ ሲያስቡ አድረው (ማሰባቸው ራሱ ዜና ነው) «በብርሃን የሚመራ ከሆነ፣ የመራው ሰው አለ» አሉ። ጎረቤታችን አያ ሞላ ማዶ ድረስ የሚያበራ የእጅ ባትሪ አለው። ከአያ ደሴ ጋርም በድንበር ይጣሉ ነበር። አለቀ።
«ባትሪ ኤሌክትሮን አይነቅልም! ሌዘሩ ቤት የሚያህል መሣሪያ ነው!» ብዬ ጮህኩ።
«ትናንት እመኑኝ፣ ዛሬ አትመኑኝ? አንቺ ልጅ፣ አርፈሽ ተቀመጪ» አሉ አባ ገብሬ።

ሐሙስ
የአክስቴ ገብስ ተዘራ። ጥፋቱ ከእሷ ስለወረደ ሁለት ጥማድ መጣላት። ከአያ ሞላ ጋር በሬ የሚያቀናጀው መቀናጆው ግን የራሱን በሬ ነድቶ ሄደ። ምንጭ ላይ ሚስቱን ሁሉም ሸሿት።
ለአክስቴ ሁሉንም ነገርኳት። «እኔን ከገደል አውጥተሽ ሌላ ሰው ከተትሽበት» አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ
አክስቴ በሬዋን ወደ አያ ሞላ ደጅ ነዳችው። ተከተልኳት። መንደሩ በአጥር ላይ ያያል።
«ሞላ፣ ባሌን አንተ አልገደልከውም። እንካ፣ አቀናጅ።»
በሩ አልተከፈተም።
«አያ ሞላ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ።
«አንቺ ዝም በይ» አለ ከውስጥ። ቆይቶ ወጣ። እኔን ሳያይ ገመዱን ከአክስቴ እጅ ተቀበለ።
ማረሱንስ እያረሰ ነው። በዚያ ያለፈ ሁሉ ግን ሰላም ሳይለው ያልፋል።