ያልጮኸው ፔዳል

ማክሰኞ፣ መጋቢት 4

ክሊኒኩ ዛሬም ሞልቶ ዋለ። እንግዳ መቀበያው ላይ ተቀምጬ ስም ስጠራ፣ ቀጠሮ ስይዝ፣ ከጀርባዬ የጥርስ መሰርሰሪያው ሲያፏጭ… ጉንጩን ይዞ የገባ ሁሉ የሚቆጣው እኔን ነው። ጥርሱን ያሳመምኩት እኔ ይመስል።

ቤት ስደርስ አባዬ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ቀኝ እጁን ኪሱ ከቶ።

"አለቀ" አለኝ፣ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ።

ፔዳሉ ነው። ሁለት ወር ሙሉ የምግብ ጠረጴዛውን የወረረው። በእግር የሚረገጥ፣ የጊታር ድምፅ የሚያሻክር ሳጥን። አንድ ቀን ራት ላይ "ባንዱ ውስጥ የኔ ጊታር ብቻ ልጅ አስተኝ ሆነ፤ ሸካራ ድምፅ የሚያወጣ ፔዳል ቢኖረኝ…" ብዬ አፌ አመለጠኝ። በቃ። በማግስቱ ከአልጋ ሥር የድሮ ዕቃ ሳጥኑን አስወጣኝ። ዕድሜውን በስልክ ቴክኒሻንነት የጨረሰ ሰው… ስትሮኩ ቀኝ እጁን ካንቀጠቀጠው ወዲህ ለምንም ነገር እንዲህ ሲጓጓ አላየሁትም። መንካት ግን ክልክል ነው። "የኔ ሥራ ነው፣ ሚጢ" ይላል።

ሰካን። ሳይረገጥ የጊታሩ ድምፅ እንደወትሮው ጥርት ብሎ ይወጣል። ረገጥኩት… ጭጭ። እንደገና ረገጥኩት። ጭጭ። እንኳን ሊጮህ አልተነፈሰም።

"ባትሪው ይሆናል" አለ።

ባትሪውን የገዛሁት ትናንት ነው። አልነገርኩትም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 6

ባትሪው አይደለም። በመለኪያው አየው፤ ሙሉ ነው። ኬብል ቀየርን። መርገጫውን ፈትቶ አጸዳ። ጊታሩ የሚሰካበትንም ሆነ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚወጣበትን ቀዳዳ ደጋግሞ ነቀነቀ። ምንም።

ክዳኑን ሲፈታ ብሎኗ ወደቀችበት። አነሳት። ደግሞ ወደቀች። ደግሞ ጎንበስ አለ። እኔ ድስት አማስላለሁ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ። አላየሁም ማለት አለብኝ… አለማየት እንዲህ እንደሚያደክም ማን ነገረኝ?

ቅዳሜ፣ መጋቢት 8

ልምምድ ቀረሁ። ዘፋኟ ደወለች።

"አንቺ ልጅ፣ አዳራሽ የምንጫወትበት ዝግጅት እኮ ደረሰ። ድራመሩ ሌላ ጊታሪስት እንፈልግ እያለ ነው። እስካሁን የያዝኩት እኔ ነኝ።"

"አባዬን ብቻውን ጥዬ እንዴት…"

"ወንድምሽስ?"

ወንድሜስ? ጋሼ ያለው ስልክ ውስጥ ነው። በሳምንት አንዴ ይደውላል፤ "ሰው እንቅጠርለት" ይላል። አባዬ "ሕፃን አይደለሁም፣ ጠባቂ ቤቴ አላስገባም" ይላል። ወሬው እዚያው ያልቃል። እኔ እመሃል። ለጋሼ "እሺ አለ" ብዬ አልዋሽ፣ አባዬን "እሺ በል" ብዬ አልጫን።

ጊታሩን ከሣጥኑ አላወጣሁትም ዛሬ። ልብስ አጠብኩ፣ ተኛሁ።

እሁድ፣ መጋቢት 9

ከምሳ በኋላ አባዬ ጋደም ሲል ፔዳሉን ከፈትኩት። ለማየት ብቻ ነበር… ነበር ወይ?

በስልኬ መብራት አየሁት። ጎን ለጎን ባሉ ሁለት የሽቦ እግሮች መካከል የስንዴ ፍሬ የምታህል የእርሳስ ጠብታ ደርቃለች። መገናኘት የሌለባቸውን ድልድይ ሆና አገናኝታቸዋለች። ሌላውም ብየዳ አባጣ ጎርባጣ ነው። የድሮ ሥራውን አውቀዋለሁ እኮ፤ እንደተሰካካ ዶቃ ነበር። የሰፈሩ ሰው ሬዲዮ ሲያመጣለት "እዩት፣ ሲያምር!" እያለ ክዳኑን ከፍቶ ያሳይ ነበር። አንጀቴን በላው።

አሁን ምን ላድርግ? "አባዬ፣ እጅህ ነው" ልበለው? ምን አፍ አለኝ?

ወይስ እሱ ሳይነቃ ላስተካክለው… ነገ ሲሞክረው ይጮሃል፣ ደስ ይለዋል፣ አለቀ።

መበየጃውን አጋልኩት። ጠብታዋ እንቢ አለች፤ ብትቀልጥም አልላቀቅ አለች። ጠበቅ አድርጌ ያዝኩባት፣ ቆየሁባት። በመጨረሻ ተጠረገች። ብየዳውን አለስልሼ ክዳኑን መለስኩ። አልሞከርኩትም፤ ቢጮህ ይነቃል። መስኮት ከፍቼ ሽታውን በፎጣ አባረርኩ። በገዛ ቤቴ ሌባ መስዬ።

ሰኞ፣ መጋቢት 10

"እስኪ ዛሬ ደግሞ እንሞክረው" አልኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ረገጥኩ። ጭጭ።

የደነገጥኩት የእውነቴን ነው። አባዬ ግን ፔዳሉን ሳይሆን እኔን አየኝ። ለምን እንዲህ አየኝ?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 11

ስገባ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። ክዳኑ ተከፍቷል። አጉሊ መነጽሩ በግራ እጁ።

"ማነው የነካው?"

"ምኑን?"

"ይሄን። ይሄ የኔ እጅ አይደለም።"

ቦርሳዬን ከትከሻዬ አወረድኩ።

"መቼ?"

"እሁድ… ተኝተህ።"

"ስህተቱን አይተሽዋል ማለት ነው።"

"አባዬ፣ እንዳይከፋህ ብዬ…"

"ስንት መስመር አበላሽቻለሁ በዕድሜዬ። አለቃዬ ፊት ለፊቴ ይሰድበኛል፣ እኔም አስተካክላለሁ። ከጀርባዬ ሠርቶ 'ጎበዝ' ሊለኝ ያሰበ ሰው ግን አልገጠመኝም። አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።"

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ክፍሉ ገባ። ራቱን ከግማሽ መለሰው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 12

አላናገረኝም። "ደህና አደርክ?" ስለው ራሱን ነቀነቀ። ክሊኒክ ውስጥ የአንዱን ስም ለሌላው ጠርቼ ሐኪሙ ገላመጠኝ።

ዓርብ፣ መጋቢት 14

ሙቀቱ አያድርስ ነው። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው በቀጠሮ ካርዱ ይራገባል። ቤት ስገባ አባዬ በዚያ ወፍራም ሹራብ ተቀምጧል፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሎ።

የታጠበ ልብስ ላስቀምጥለት ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ሸሚዞቹ ተደርድረዋል። እኔ እንዳጣጠፍኳቸው። አንዱም አልተነካም። ከመቼ ጀምሮ? የሚለብሰው ሁለቱን ሹራብ ብቻ ነው፤ በራስ የሚጠለቁትን። "ብርድ ብርድ ይለኛል" ሲለኝ አምኜው…

ቁልፍ። ቁልፍ መቆለፍ አቅቶታል።

ቁም ሳጥኑ ፊት ቆሜ ቀረሁ። እኔ ከሱ ስደብቅ፣ እሱ ከኔ ሲደብቅ… ምን ዓይነት ኑሮ ነው? ድካሜ ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ነጩን ሸሚዝ ይዤ ወጣሁ።

"አባዬ፣ ሹራቡ አይሞቅህም?"

ሸሚዙን አየ። እኔን አየ።

"ይሞቀኛል።"

"ና ልቆልፍልህ።"

ሹራቡን በግራ እጁ ጎትቶ አወለቀ።

"ከላይኛው ጀምሪ" አለኝ።

ቆለፍኩለት። አንዳችንም አላለቀስንም… ማለቴ፣ እሱ አላለቀሰም።

"ይቅርታ፣ አባዬ" አልኩት፣ የመጨረሻዋ ጋ ስደርስ።

"ነገ ሥራ የለሽም አይደል? ያንን ሳጥን እንይዋለን። አብረን። ደግሞ መበየጃውን ስትይዢ እኔ ነቅቼ።"

ቅዳሜ፣ መጋቢት 15

ልምምድ ዛሬም ቀረሁ፤ ለዘፋኟ ግን ነገርኳት። "የሚቀጥለው ቅዳሜ የመጨረሻ ዕድልሽ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው።

አባዬ ነጩን ሸሚዝ ለብሶ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። እኔ የመለኪያውን ሁለት ዘንጎች ያዝኩ፤ እሱ ቁጥሩን ያነባል። "እዚያ… አይ፣ ከጎኑ… ያዢው።" ከባትሪው ጀምረን ወደ ውስጥ፣ አንድ በአንድ። ሬዚስተሮቹ ደህና ናቸው። የመጀመሪያው ትራንዚስተር፣ ድምፅ የሚያጎላው ባለሦስት እግር ዕቃ፣ ደህና ነው። ሁለተኛው ላይ ስደርስ የመለኪያው ቁጥር ንቅንቅ አልል አለ።

"ሞቷል" አለ አባዬ።

"ከመጀመሪያውም?"

"አይ፣ ከመጀመሪያው አይደለም። ስሠራው ለክቼዋለሁ። እሁድ ዕለት ጠብታዋን ስታነሺ ስንት ቆየሽበት?"

"…ጠበቅ አድርጌ ነበር የያዝኩት።"

"እነዚህ የድሮዎቹ ሙቀት አይችሉም፣ ልጄ። እግሩን በፒንሳ ትይዢዋለሽ፤ ሙቀቱን ፒንሳው ይወስደዋል።"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፣ ማለት እኔ! መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ። ቀና ስል አባዬ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አለቀሰ ብዬ ደነገጥኩ። እየሳቀ ነው።

"የኔን ድልድይ አፍርሰሽ የራስሽን ሬሳ አስቀመጥሽልኝ!"

ከስንት ጊዜ በኋላ… እንዲህ ሲስቅ ድምፁን ረስቼው ነበር።

ከዕቃ ሳጥኑ ሌላ ትራንዚስተር ተገኘ፤ አንድ ብቻ። ይህችም ከሞተች ሌላ የለም። ፒንሳውን በግራ እጁ ይዞ እግሯን ቆነጠጠልኝ። እኔ መበየጃውን አስጠጋሁ። ጫፉ ወዲያ ወዲህ ይላል።

"አሁን የማን እጅ ነው የሚንቀጠቀጠው?" አለኝ።

"አታስቀኝ!"

"ንኪ… በቃ! አንሺ። አሁን የሚቀጥለው።"

ሰካን። ረገጥኩ። ገመዱን ከመንካቴ ድምፁ ቤቱን ሞላው። ጠጠር የጫነ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ እንደዚያ ነው። ወፍራም፣ ሸካራ፣ ማቆሚያ የሌለው። ጠረጴዛው ላይ ማንኪያው ተንቀጫቀጨ። ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ።

አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። "አስቀያሚ ነው" አለ። "ድገሚው።"

ሰኞ፣ መጋቢት 17

ከሥራ ስመለስ ስልክ ሲያወራ ደረስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል።

"አይ፣ አልታመምኩም… ቅዳሜ ና ነው የምልህ። እህትህ ጉዳይ አላት… ብቻዬን መዋል? አልችልም… አዎ፣ አልችልም አልኩህ፣ ስንቴ ልበል? … ሰው መቅጠሩንም ያኔ እናወራለን።"

ጋሼ መሆኑ ነው። አባዬ ራሱ ደውሎለት። ጫማዬን በእጄ ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ያን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም፤ አልችልም የሚለውን። መግባት አልቻልኩም። ወደ ደጅ ተመልሼ በሩን በኃይል ዘጋሁና እንደ አዲስ ገባሁ።

"መጣሽ?" አለኝ።

"መጣሁ።"

ቅዳሜ፣ መጋቢት 22

ጋሼ በጠዋት መጣ፣ ብርቱካን ይዞ፣ እንግዳ ይመስል ቆሞ። "መድኃኒቱ የት ነው? ምሳ መቼ ነው የሚበላው?" አባዬ "እኔን ጠይቀኝ፣ አፍ አለኝ" አለው። ትቻቸው ወጣሁ። እስከ መንገዱ ማዶ ዞር ዞር እያልኩ።

የምንለማመደው ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ባለ መጋዘን ነው። ድራመሩ ሰላም ሲለኝ ቀዝቀዝ ብሏል። ምንም ሳልል ሰካሁ። በሁለተኛው ዘፈን መሃል ረገጥኩት።

ዘፋኟ ግጥሙ ጠፋባት። ድራመሩ ዱላውን አየር ላይ ይዞ ቀረ። ከዚያ ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ሳቀና እኔን ለመብለጥ መደብደብ ጀመረ። ዘፈኑን ሳንጨርስ የጋራዡ ዘበኛ በሩን በርግዶ ገባ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ።

"ማነው ግድግዳ የተደረመሰበት?"

ማታ ስገባ ቤቱ ያረረ ይሸታል። ጋሼ እጅጌውን ሰብስቦ ድስት ይፈገፍጋል። "በየቀኑ እንዲህ ነሽ?" አለኝ፣ ቀና ሳይል። "በየቀኑ" አልኩት። መፈግፈጉን ቀጠለ። ለሰኞ የምትቀጠር አንዲት ሴት ሊያነጋግሩ ተስማምተዋል፤ አባዬ "መጀመሪያ እኔ ልያት፣ ከዚያ እንነጋገራለን" ብሎ።

አባዬ አልጋው ላይ ተደግፎ ይጠብቀኛል።

"ጮኸ?"

"ጮኸ።"

"እስከ መጨረሻው?"

"እስከ መጨረሻው።" ስለ ዘበኛው ነገርኩት። ሳቀ፤ ሲስቅ አሳለው፤ ውኃ ሰጠሁት። እግሬ ዝሏል፣ ጣቶቼ ጫፋቸው ተልጧል። ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ጋደም አልኩ።

ያንቀላፋ መስሎኝ ልነሳ ስል ሸሚዜን ያዘኝ። በቀኝ እጁ።

"እንደገና ንገሪኝ። ዘበኛው ምን አለ?"

እንደገና ነገርኩት።