አንድ ዓይን ለንጉሡ

ማክሰኞ፣ ማርች 10፣ 2015

ይቺ ምላሴ ዛሬ ጉድ ሠራችኝ። የምንከባከባቸው ጋሼ ባህራም ድሮ በፋርስ ቤተ መንግሥት ሠዓሊ ነበሩ። ንጉሡ ጓደኛቸውን አስሮ ሳለ እሳቸውን «ደግ አስመስለህ ሣለኝ» ቢላቸው፣ ፈርተው ሣሉት። ይኸው እስከ ዛሬ ያፍሩበታል። ነገ ልጃቸው ቤታቸው ያለውን ይህን ሥዕል ለንጉሡ መታሰቢያ በዓል ወስዳ ልትሰቅለው ነው፤ እንዳትወስደው ቢለምኗት እንቢ አለች።

ዛሬ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ በዊልቸር ስገፋቸው፣ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት መስኮት ላይ የጦርነት ሥዕል አዩ።

«እነዚህ ምነው አንድ ዓይን ብቻ?»

«ጋሼ፣ በእኛ ሥዕል ክፉ ሰው ሁለት ዓይን አይሰጠውም፤ በጎን ነው የሚሣለው» አልኳቸው እየሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ቤት ገብተን ሾርባ ላሞቅ ሄጄ ስመለስ፣ የንጉሡን አንድ ዓይን በጥቁር ቀለም ደፍነውታል። «አሁን ገና የእኔ ሥራ ሆነ» አሉኝ።

ሶ፣ ልጅቷ ነገ ጠዋት ትመጣለች። እኔን ከሥራ ታባርረኝ፤ እሳቸውን ግን አእምሯቸውን ሳቱ ብላ ነርሲንግ ሆም ብታስገባቸውስ? ወይኔ፣ እኔው ነኝ ያስተማርኳቸው! ጨርቅ አርጥቤ ሥዕሉ ፊት ቆምኩ፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር። ከኋላዬ «ተይው፣ ልጄ» አሉኝ። ጨርቁን ጨምቄ አሰጣሁት።

ጌታ ሆይ፣ ነገ ምን ልበላት? አሁንማ ቀለሙ ደርቋል።