አራት ቁጥር ያለችው ልጅ

ይድረስ ለልጄ፤

ይህች ወረቀት አንቺንም ባልሽንም በጤና ታግኛችሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ከአንድ ጥርስ በቀር የጎደለኝ የለም። ጣራው ማፍሰሱን ትቷል፤ ራሴ ወጥቼ ደፈንኩት፤ አትቆጪ።

ማክሰኞ ደም ግፊቴን ልለካ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ለክታኝ "ደህና ነው" ካለች በኋላ አራት ቁጥር ክፍል ይግቡ አለችኝ። ብገባ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ብቻ ነው፤ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች።

"መለኪያሽ የታለ?" አልኳት።

"የለኝም አባባ። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነኝ፤ እኔ ጋ ያለው ወሬ ብቻ ነው።"

"እብድ መሰልኩሽ?"

"ኧረ ከኔ ይሻላሉ! ይቀመጡ።"

ሳቄ መጣና ተቀመጥኩ። ስለ እንቅልፌ ጠየቀችኝ፤ ስለ ግንበኝነቴም አወራን። "ምሳ ከማን ጋር ይበላሉ?" ስትለኝ "ከባለቤቴ ጋር" አልኳት። ካርዴ ላይ ሚስቱ የሞተችበት ተብሎ ተጽፏል። አንብባዋለች፤ ግን አላረመችኝም። እኔም አላረምኩም። ሁለት ሳህን ማቅረብ የእጅ ልማድ ነው፤ አንቺም ነገር አታግዝፊ።

የቅርብ ዘመድ ስልክ ስትለኝ ያንቺን ሰጠኋት። ከደወለች አባቴ ደህና ነው በያት። ግን ስራ አለብኝ ብለሽ ቶሎ አትዝጊባት፤ የምትጠይቅሽን ሁሉ መልሺላት።

ለሐሙስ ይመለሱ ብላኛለች። ግፊቴ ደህና ስለሆነ የሚያስኬደኝ ነገር የለም። ሸሚዜን ግን አጥቤ አስጥቻለሁ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ። ጤናውንም መንገዱንም ሰጥቶን ለመተያየት ያብቃን።

ያንቺው አባት