ለበረንዳ የሚበቃ ጥይት

ውድ ወንድሜ ዴልበርት፣

የአላስካ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ቴክሳስ፣ እኔም ባለቤቴ ዋኔታም በጤና አለን።

የዱር አሳማ ኦቾሎኒያችንን ፈጀው። በድሮው ጠመንጃ ስተኩስ ዋኔታ ደንግጣ በባዶ እግሯ ወደ አውራ ጎዳናው ስለሮጠች፣ ድምፅ ማፈኛ የተገጠመለት ሌላ ጠመንጃ አዘዝኩ። ጥይቱም ከድምፅ ፍጥነት በታች የሚሄድ መሆን አለበት፤ አለዚያ ማፈኛ እያለውም ይጮሃል። ቀጭኑ ጥይት እንዲህ ሲዘገይ አሳማውን አቁስሎ ይለቀዋል፤ ወፍራሙንና ከባዱን መረጥኩ።

ጠመንጃ ሻጩ ሃስኬል በስልክ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ይሄ እኮ ከሰማንያ ሜትር ወዲያ አይረባም!» አለኝ።

«እኔስ ከበረንዳዬ መች እርቃለሁ?» አልኩት።

ትናንት አንዱን አሳማ ጣልኩት። አጠገቤ የተቀመጠችው ዋኔታ አልደነገጠችም። ፈገግ ብላ፣ «ጎበዝ ነዎት፤ ባለቤቴም አዳኝ ነው» አለችኝ።

ለገና ስትመጣ በሩ ላይ ስምህን ቀድመህ ንገራት። ለቤተሰቡ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ ሮይስ