የአትላንታው ስልጠና

ሐሙስ

እናቴ አትላንታ መሆኔን አወቀች። ገና ሻንጣዬን እንኳ ሳልቀበል። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ በቪዲዮ ስትደውል ሳላስብ አነሳሁት። ከጀርባዬ የአየር ማረፊያው ድምፅ ማጉያ ይለፈልፋል። እንግሊዝኛ አትችልም፤ አትላንታ የሚለውን ግን ለይታ ሰማች፣ ወንድሟ ያለበት ከተማ ነዋ። እዚያ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። ስልጠና አልኳት። በሕዝብ ጤና ማስተርስ ይዤ ከዚህ የተሻለ ውሸት አጣሁ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጋሼ ከማል ደወለ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዲቪ ደርሶት ከመጣ ጀምሮ እዚህ ሹፌር ነው። "ሆቴል? እኔ ቆሜ እያለሁ?" አለ። ነገ መጥቶ ይወስደኛል። አልጠየቀኝም፤ ነገረኝ።

ለምን እንደመጣሁ እዚህ ልጻፈው፣ ቢያንስ ደብተሬ ይወቀው። እሑድ የፕራይድ ሰልፍ አለ። ሴት የምወድ ሴት ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ በጠራራ ፀሐይ ይህን ሆኜ መንገድ ላይ ሄጄ አላውቅም።

በምኖርበት በኦማሃ ከተማ አብራኝ የምትኖረው ሰሚራ ስልኬን ከፍታ፣ አንዲት ሴት ስስም የተነሳሁትን ፎቶ ለሐበሻ ኮሚዩኒቲው የቴሌግራም ግሩፕ ላከችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የልጆቻቸውን ፊደል አስቆጥር ነበር። "ከእንግዲህ እንዳትመጪ" የሚል አንድ መስመር ቴክስት ደረሰኝ። አንዲትም እናት አልደወለችም። ልጆቹ ምን ተብለው ይሆን?

እናቴ እስካሁን አልሰማችም። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ዛሬ ደረሳት እላለሁ።

አርብ

ጋሼ ሳይመጣ በፊት ሰልፉ የሚያልፍበትን ሚድታውንን ላየው ወጣሁ። የእግረኛ ማቋረጫው ራሱ በቀስተ ደመና ቀለም ተቀብቷል። ሁለት ሽማግሌ ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ውሻቸውን ያንሸራሽራሉ። ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም፤ ያፈጠጥኩት እኔ ብቻ ነኝ። ማቋረጫውን አምስት ጊዜ ተሻገርኩት። ማዶ ምንም ጉዳይ አልነበረኝም።

ለመመለስ በስልኬ መኪና ጠራሁ። ሹፌር ዮናስ። ካንስል አደረግኩ። ሹፌር ሰዒድ። ካንስል። ሹፌር ተክሌ። ምን አለፋኝ፣ በእግሬ ተመለስኩ። ለእኔ ዓይነት ሰው የተመቸ ከተማ ነው ያሉኝ ሁሉ፣ ግማሹ ሹፌር "የማን ልጅ ነሽ?" የሚል ሐበሻ መሆኑን አልነገሩኝም።

ጋሼ ጁምዓ ሳያመልጠኝ ልውሰዳት ብሎ በጊዜ መጣ። ሆቴሉ መግቢያ ላይ የቀስተ ደመናው ባንዲራ ተሰቅሏል። አየው። እኔን አየኝ። ሻንጣዬን አንስቶ ወጣ።

ሻንጣው ውስጥ ያለው፦ ሁለት ሱሪ፣ ደረቱ ላይ በአማርኛ "እኛም አለን" የሚል ቲሸርት፣ የፊት ብልጭልጭ በትንሽ ብልቃጥ። ከባድ አልነበረም። ጋሼ የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ሲወረውረው ግን የሚፈነዳ መሰለኝ።

ቅዳሜ

ፓይን ሌክ፣ ጋሼ ቤት። ጸጥ ያለ ሰፈር ነው፣ ዳክዬዎቹ ሳይቀሩ ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት። እኔ ግን እንቅልፍ የለኝም።

እሑድም ስልጠና እንዳለ ጠየቀኝ። አለ አልኩት። በምን ጉዳይ ላይ ነው አለኝ። "በመከላከል።" ጥቂት አሰበና "መከላከል ጥሩ ነው" አለ። ሳቄን ዋጥኩት፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። ይህን ሰው ነው የምዋሸው፤ ልጅ ሳለሁ ደሴ ላይ በትከሻው ተሸክሞኝ ይዞር የነበረውን።

ምሳ ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ ካለ ሐበሻ ምግብ ቤት ወሰደኝ። ሹፌር ጓደኞቹ ሞልተውታል። "የእህቴ ልጅ ናት፣ ማስተርስ አላት" እያለ አስተዋወቀኝ። አንዱ ሰላም ብሎኝ ሲያበቃ ዓይኑን አልነቀለም። ስልኩን አየ፤ መልሶ እኔን አየ። ጋሼ ተነሥቶ ወንበሩን አዞረና በእኔና በሰውየው መሀል ተቀመጠ። ፀሐይ አስቸገረኝ አለ።

ሊያ ቴክስት አደረገች። የሐበሾቹን ሰልፈኞች የምታሰባስበው እሷ ናት፤ የማውቃት በስልክ ብቻ ነው። "ትመጫለሽ ወይስ ፈርተሻል?" ትላለች። "ሁለቱም" ብዬ መለስኩላት።

እሑድ

ሄድኩ። ሄድኩ። ሄድኩ።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። ጠዋት መኪና ውስጥ ገብተን ስልጠናው የት ነው አለኝ። የአንድ ሆቴል ስም ጠራሁ። እዚያ አካባቢ መንገዱ በሰልፍ ዝግ ነው አለ፤ የሹፌሮች ግሩፕ ላይ ተጽፏል። ሁለት ብሎክ ወዲህ አወረደኝ። አሥር ሰዓት ላይ እዚሁ ይጠብቀኛል።

አሥራ ዘጠኝ ሐበሾች ነበርን። ስድስቱ ማስክና መነጽር አድርገዋል። እኔም አድርጌ ጀመርኩ። አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ከመንገድ ዳር ቲሸርቴን እያሳየች ምን እንደሚል በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። እየጮኽኩ ነገርኳት። የራሴን ድምፅ ስሰማ ማስኩን አወለቅኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን መጻፍ አልችልም። እግሬ ያውቀዋል።

አሥር ሰዓት። ፊቴን በሳሙና ታጥቤ፣ ቲሸርት ቀይሬ መኪናው ውስጥ ገባሁ። ጋሼ ለተሳፋሪ ከሚያስቀምጠው እርጥብ ሶፍት አንድ አውጥቶ ሰጠኝ።

"ጆሮሽ ስር ቀርቷል።"

"ምኑ?"

"ብልጭልጩ።"

ሞተሩን አላስነሳም። ፎቶዬ ከኦማሃ ተነሥቶ ከሦስት ሳምንት በፊት የሹፌሮቹ ግሩፕ ላይ ደርሶ እንደነበር ነገረኝ። የግሩፑ አድሚን እሱ ነው። አጥፍቶት የላከውን ሰው አስወጣው። ሳይጠፋ ያዩት ግን አይተዋል።

እያወቀ ለምን ከሆቴል እንደወሰደኝ ጠየቅኩት።

"የእህቱ ልጅ መጥታ ሆቴል አሳደራት እንድባል ነው?" አለ። ከዚያ መሪውን ያዘ። "አልዋሽሽም። አልገባኝም፤ አልወደድኩትምም።"

"እንድትወደው አልጠየቅኩህም።"

"አውቃለሁ። እኔ ያጠፋሁት ከአንድ ግሩፕ ነው። ስንት ግሩፕ አለ? እናትሽ ከሰው እንዳትሰማ።"

ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ፓይን ሌክ ነዳ። ሶፍቱ እጄ ላይ ደረቀ።

ሰኞ

አየር ማረፊያ። ጋሼ ሻንጣዬን አውርዶ ትከሻዬን ያዝ አደረገና ሄደ።

መሳፈሪያው በር አጠገብ ተቀምጬ ለእናቴ በቪዲዮ ደወልኩ። ሰላምታዋ ሳያልቅ ነገርኳት። ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ። ስልኩን አስቀመጠችው መሰለኝ፣ ስክሪኑ ላይ የሳሎናችን ጣሪያ ብቻ ቀረ። ውሃ የገባበትን ቦታ አየሁት፤ አሁንም አላስቀባችውም።

"ከማል ያውቃል?" አለች ከጣሪያው ሥር።

"ያውቃል።"

"ከእኔ በፊት?"

ለሁሉም መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ለሐራሙ፣ ለነውሩ፣ ለጎረቤቱ። ለዚህ ግን አላዘጋጀሁም።

ድምፅ ማጉያው ኦማሃ ብሎ ተጣራ። ሰማችው።

"ይጠሩሻል፣ ሂጂ። ስትደርሺ ደውዪ።" ዘጋችው።

ከልጅነቴ ጀምሮ ታክሲ በተሳፈርኩ ቁጥር የምትለኝ ነው። ከልማድ ይሁን ከልቧ አላውቅም። ፊቷን አላየሁትም።

የመስኮት ወንበር ደረሰኝ። ወደ መስታወቱ ስጠጋ ጆሮዬ ስር አንድ ፍንጣሪ ሲያበራ አየሁ። አልጠረግኩትም።

ስደርስ እደውላለሁ።